ከ«ግልጽ ነው» በታች ሁለት መስመር

ያን እሑድ እርሳሴን ከመሳቢያው ባላወጣ ኖሮ ዜንያ ዛሬ የት ትሆን ነበር? ሳህን ሳጥብም፣ ደጃፌን ከበረዶ ሳጸዳም፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜም ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስጠይቅ ኖርሁ። አንድ ቀን «ደግ አደረግሽ» እላለሁ፣ በማግስቱ «ምን አገባሽ» እላለሁ። እርግጠኛ ሆኜ የዋልሁበት ቀን የለም። ነገሩን ከሥሩ ብጽፈው ይሻላል፤ እኔ ባይገባኝ ሌላ ሰው ሲያነበው ይገባው ይሆናል።

ዜንያ የልጄ የዲሚትሮ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ሦስት ዓመቷ ነበር። ዲሚትሮ ሰሜን፣ የኒኬል ማዕድን ማውጫ ውስጥ ይሠራ ስለ ነበር ሕፃን ይዞ መኖር አልቻለም። «እማዬ፣ እስኪ ለዚህ ክረምት ብቻ ያዢልኝ» ብሎ ዊኒፔግ ድረስ አመጣልኝ። የዊኒፔግ ክረምት ረጅም ነው፤ ያኛው ግን አሥራ አምስት ዓመት ፈጀ።

እኔ የተማርሁት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ከዚያ ታይፕ ተምሬ ሃያ አምስት ዓመት በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ሠራሁ። ያን ጊዜ ሒሳበኞቹ በእጃቸው የሞነጫጨሩትን በጽሕፈት መኪና የምንጽፍላቸው እኛ ነበርን። የእኔ መኪና ፊደሎቹ በአንዲት ኳስ ላይ የተቀረጹባት ዓይነት ነበረች። የእንግሊዝኛው ኳስ ይወጣል፣ የምልክቱ ኳስ ይገባል፣ አንዲት ምልክት ትመታለች፣ እንደገና የእንግሊዝኛው ይመለሳል። እንዲህ ሲባል ይዋላል። የምጽፈው ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም። ምን መምሰል እንዳለበት ግን ዓይኔ ያውቀዋል፤ የጎደለ ቅንፍ ካለ ከበሩ ሆኜ አየዋለሁ።

ብዙውን ጊዜ የምጽፍላቸው ዶክተር ሊንድክቪስት ለሚባሉ ሰው ነበር። ረጅም ናቸው፣ የኮታቸው ክንድ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ነው። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ሳምንት መጥተው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ።

«ወይዘሮ ዛሃርኮ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ‹ግልጽ ነው› ብዬ በጻፍኩበት ቦታ ሁሉ ከበታቹ ሁለት መስመር ባዶ ይተዉልኝ።»

«ለምን፣ ዶክተር?»

«ሰው ‹ግልጽ ነው› የሚለው አንድም ግልጽ ሲሆንለት ነው፣ አንድም ማሰብ ሲሰለቸው ነው። እኔ የትኛው እንደ ሆነብኝ የማውቀው በማግስቱ ነው።»

በማግስቱ ይመጡና ምክንያቱን በባዶው ቦታ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። በሁለት መስመር ከገባ፣ ነገሩ በእርግጥ ግልጽ ነበር ማለት ነው፤ ገጹ ይቀራል። ሁለት መስመር አልፎ ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ ጀርባ ከሄደ ግን «ይቅደዱት» ይሉኛል፣ እቀደዋለሁ። አንዳንድ ሳምንት ከጻፍሁት የቀደድሁት ይበልጥ ነበር።

ዜንያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምተዋት ሰው ስላልነበረኝ እኔ ዘንድ ቢሮ ትመጣለች። ቦታዋ ከጠረጴዛዬ ሥር፣ ከተቀደደው ወረቀት ቅርጫት አጠገብ ነበር። ሥዕል የምትሥል ይመስለኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን ዶክተር ሊንድክቪስት ጎንበስ ብለው አይዋት።

«አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ ሥር?»

«የተቀደደውን እያነበብኩ ነው።»

«እሱ እኮ ስሕተት ነው።»

«አውቃለሁ። የቱ ጋ እንደ ተሳሳተ ነው የምፈልገው።»

ያ ረጅም ሰው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ወገባቸውን ያማቸው ስለ ነበር እንዴት እንደሚነሡ አሰብሁ። ሁለቱ ግን እኔን ረሱኝ። ከዚያ ወዲያ የሒሳብ ነገር ከልጅቱ ላይ አልወረደም። ዶክተር ሊንድክቪስት ሲሞቱ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ቀብራቸው ላይ ካለቀሱት ሁለት ሰዎች አንዷ እሷ ናት።

ከዚህ ሄዳ ቶሮንቶ ተማረች፣ ከዚያ ድንበር ተሻግራ ዶክትሬቷን ያዘች። ምን እንደምታጠና ሰው ሲጠይቀኝ «ኮምፒውተር» እላለሁ፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ሐሙስ ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ተሰብስበን ለሽያጭ ፒሮሂ እንቆነጥጣለን፤ ድንችና አይብ በሊጥ ውስጥ ከትቶ ጠርዙን በጣት መቆንጠጥ ነው። ሌሲያ የምትባል ጎረቤቴ ሁልጊዜ ከጎኔ ናት።

«ያቺ ኮምፒውተር የተማረችው ልጅሽ ስትመጣ የኔን ማተሚያ ታይልኛለች?» አለችኝ።

«እሷ ማሽን አትነካም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የተማረችው?»

«ማሽኑ የሚችለውንና የማይችለውን።» ዜንያ እንዲህ በይ ብላኝ ነበር።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። የኔው ማተም አይችልም።»

ለእኔ ግን ዜንያ በደንብ አድርጋ ነግራኛለች። አንድ ጥር ላይ መስኮት አጠገብ ቆመን የበረዶ መጥረጊያው መኪና ሲያልፍ እያየን ነበር። «ባባ» የምትለኝ እኔን ነው፤ በአገራችን ቋንቋ አያቴ ማለት ነው።

«ባባ፣ መንገድ የሞላበት ከተማ አለ እንበል። መጥረጊያ መኪኖቹ ጥቂት ናቸው። መንገዱን ሁሉ ጠርገው ቶሎ የሚጨርሱበትን ዙር ፈልጊ ብልሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ቁጭ ብዬ እቆጥራለኋ።»

«ከተማው ትንሽ ከሆነ ትቆጥሪዋለሽ። ሲያድግ ግን የአማራጩ ብዛት ፀሐይ እስክትጠፋ ቢቆጠር አያልቅም። ሁሉንም ሳይሞክሩ፣ ከምርጡ ብዙ የማይርቅ ዙር ቶሎ ማግኘት ይቻላል ወይ? የኔ ሥራ ይኸው ነው።»

«የኛ መንገድ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠረገው።»

«እሱ ሒሳብ አይደለም ባባ። እሱ ዕድል ነው።»

በዚህ በመጥረጊያው ጥያቄ ላይ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ምሥራቅ በኩል ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆና ተቀጠረች። እዚያ ስድስት ዓመት በሙከራ ይሠራል፤ ከዚያ ኮሚቴ ተቀምጦ ወይ ዕድሜ ልክሽን ቅሪ ይላታል፣ ወይ ዕቃሽን ሰብስቢ ይላታል። መሃል ቤት የለም። የምትሠራው ከቀድሞ አስተማሪዋ ከፕሮፌሰር አስኬው ጋር ነበር። ጽሑፋቸው ሲወጣ ሁልጊዜ የእሱ ስም ፊት፣ የእሷ ኋላ ነው።

«ለምን ሁልጊዜ አንቺ መጨረሻ?» እላታለሁ።

«በፊደል ተራ ነው ባባ። እሱ በኤ ይጀምራል፣ እኔ በዜድ። እኛ ዘንድ ማን ምን ያህል እንደ ሠራ በስም ተራ አይታወቅም።»

«ታዲያ በምን ይታወቃል?»

«አይታወቅም።»

ይህ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ኋላ እንደ ታየው ግን መጨነቅ የነበረብኝ በሌላ ነገር ነው።

ስድስተኛው ዓመት ላይ፣ ኅዳር ወር፣ ሁለቱ የመጥረጊያውን ጥያቄ ፈታን አሉ። መቶ አራት ገጽ ነው። የእነሱ ልማድ ጽሑፉን ገና መጽሔት ሳያየው ዓለም ሁሉ በሚያነብበት ቦታ በኮምፒውተር መልቀቅ ነው፤ ለቀቁት። ከየአገሩ የደስታ ደብዳቤ መጣ። በሚቀጥለው ሐሙስ ትልቅ ጉባኤ ላይ ንግግሩን የምታደርገው ዜንያ ናት ተባለ። ኮሚቴውም በዚያው ወር ይቀመጣል። ማንም በግልጽ ባይናገረውም፣ ይህ ጽሑፍ ከቆመ ቦታው የእሷ እንደ ሆነ ሁላችንም አውቀነዋል።

ቅዳሜ በአውሮፕላን መጣች። ጽሑፏን አትማ፣ በገመድ አስራ ይዛልኝ ነበር። ከተማሪነቷ ጀምሮ ልማዳችን ነው፤ የጻፈችውን ሁሉ እኔ ለፊደል ስሕተት አነብበዋለሁ። እግረ መንገዴን «ግልጽ ነው» ያለችበትን ሁሉ በእርሳስ እከብበውና «ለምን?» እላታለሁ። እሷም ምክንያቱን በቃሏ ትመልሳለች። ለእኛ ጨዋታ ነበር። እኔ መልሱ አይገባኝም፣ ቶሎ መመለሷን ብቻ ነው የማየው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጥ ቤት ተቀመጥን። እሷ ፒሮሂ ትቆነጥጣለች፣ እኔ መነጽሬን አድርጌ አነባለሁ። አሥራ አንድ «ግልጽ ነው» ቆጠርሁ።

«ገጽ አራት። ለምን ግልጽ ነው?»

«ጎዶሎና ጎዶሎ ቁጥር ሲደመር ጎዶሎ ስለማይሆን።»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ገጽ አሥራ ሰባት ላይ አለልሽ እኮ። እየተኛሽ ነው እንዴ የምታነቢው?»

«ሠላሳ ሦስት።»

«እሱ ለሕፃን ልጅም ግልጽ ነው።»

«እዚህ ሕፃን ልጅ የለም፤ ለኔ ንገሪኝ።»

እየሳቀች ነገረችኝ። ዱቄት አፍንጫዋ ላይ ነበር።

«ስልሳ አንድ። ‹የየቁራጩ ዙሮች መልሰው ሊገጣጠሙ እንደሚችሉ ግልጽ ነው።›»

«አዎ። ከተማውን ትንንሽ ቁራጭ እናደርገዋለን። የያንዳንዱን ቁራጭ ዙር ለብቻው እንፈልጋለን። ከዚያ አንዱ ካለቀበት ሌላው ይጀምርና...» ሊጡን በሁለት ጣቷ እንደ ያዘች ቆመች።

«ከዚያስ?»

«ቆዪ።»

ቆየሁ። ድስቱ ፈላ። ሊጡን አስቀምጣ በዱቄታም እጇ እርሳሱን ከእጄ ወሰደችና ከ«ግልጽ ነው» ሥር መጻፍ ጀመረች። ሁለት መስመር ጻፈች። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ወደ ዳር ወጣች። ዳሩ ሲያልቅ ገጹን ገለበጠችው። ጀርባውን ስትጨርስ ሌላ ወረቀት ሳበች። ተነሥቼ እሳቱን አጠፋሁ። ያን ጊዜ ውኃው ግማሽ ሆኗል።

«አይገባም ባባ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«ምኑ ነው የማይገባው?»

«በሁለት መስመር አይገባም።»

እጇ ዱቄት ስለ ነበር ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁላት። ፕሮፌሰር አስኬው ምሳ ላይ ነበር መሰለኝ፣ የሹካ ድምፅ ይሰማል።

«ፕሮፌሰር፣ ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ክፍተት አለ።»

«የቱ? መገጣጠሙ? እሱማ ግልጽ ነው።»

«ለምን?»

ሹካው ዝም አለ።

«ይስተካከላል» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ ይስተካከላል። አንቺ ሐሙስ ንግግርሽን አድርጊ።»

«ክፍተት እንዳለ እያወቅኩ?»

«ማን አየው?»

«አያቴ።»

«አያትሽ ሒሳብ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያ ማንም አላየውም።»

ስልኩ ሲዘጋ እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ሰውየው እውነቱን ነው፣ ልጄ። እስከ ሐሙስ ዝም በይ። ኮሚቴው ይቀመጥ፣ ደብዳቤው ይድረስሽ፣ ከዚያ እንደ ልብሽ ታስተካክዪዋለሽ» አልኋት። ሃያ አምስት ዓመት ገጽ ስቀድ የኖርሁት ሴትዮ ነኝ ይህን ያልሁት። ስድስት ዓመት ስትለፋ አይቻለሁ፤ በአንዲት እርሳስ ልትወድቅ ነው፣ እርሳሷ ደግሞ የእኔ ናት።

«ዶክተር ሊንድክቪስት ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አለችኝ።

«እሳቸው ቋሚ መምህር ነበሩ። የሚያስወጣቸው አልነበረም።»

በዚህ ሳቀች፤ ሳቋን አልወደድሁትም።

ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ ጻፈች። ለፊደል ስሕተት አንብቢልኝ ብላ ሰጠችኝ። አራት ዐረፍተ ነገር ነው። «ገጽ 61 ላይ ግልጽ ነው ያልነው ግልጽ አይደለም። ማረጋገጫችን በተጻፈበት መልኩ አይቆምም። ስለዚህ ጽሑፉን አንሥተናል። ጥያቄውን ለጠየቁን ለወይዘሮ ፓራስካ ዛሃርኮ ምስጋናችን ይድረሳቸው።»

«ስሜን አውጪው» አልኋት። «ሰው ይስቅብሻል።»

«የጠየቀ ሰው ይመሰገናል። የኛ ወግ ነው።»

«እኔ እኮ ምንም አልገባኝም።»

«እሱ ሌላ ነገር ነው። መጠየቁን ግን ጠይቀሻል።»

የፊደል ስሕተት አላገኘሁበትም። አስኬው «እሺ» የምትል አንዲት ቃል መለሰ። ዜንያ ሐሙስ ጉባኤው ላይ ቆማ ስለ ክፍተቱ ተናገረች። ሰዎቹ በጨዋ ደንብ አዳመጡ፤ አንዳንዶቹ ኋላ መጥተው እጇን ጨበጡ። ኮሚቴው በጸደይ ሁለት ገጽ ተኩል ደብዳቤ ላከ። እሱንም አነበብሁት፤ አንድ የፊደል ስሕተት አገኘሁበት። ለውጤቱ አልጠቀመም።

እንዲህ ሆና ወደዚህ ቤት ተመለሰች። ላይኛው ክፍሏ እንደ ነበረ ነበር። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ኮሌጅ ውስጥ ትምህርት ላቋረጡ አዋቂዎች የክፍልፋይ ሒሳብ ታስተምራለች። ይወዷታል፤ አንዱ የከባድ መኪና ሾፌር ከሐይቅ ያጠመደውን ዓሣ በጭስ እያደረቀ ያመጣላታል። በቀረው ቀን ላይኛው ክፍሏ ሆና ትጽፋለች። እየጻፈች እንደ ሆነ የማውቀው ቆሻሻ ስናወጣ ከወረቀቱ ነው። ሁሉም ለሁለት የተቀደደ ነው፣ እኔ እንደምቀደው አድርጋ፣ ከላይ ወደ ታች።

ምድር ቤት ውስጥ ሌሲያ ጠየቀችኝ። «ልጅሽ ስሕተት ሠርታ ነው አሉ የተባረረችው?»

«ስሕተቷን ተናግራ ነው።»

«ታዲያ ምን ልዩነት አለው?»

አንዲት ፒሮሂ ሁለት ጊዜ ቆነጠጥሁ። ምን ልዩነት እንዳለው አውቃለሁ፤ ጥቅሙን ግን ማሳየት አልቻልሁም።

እርሳሱን መሳቢያው ውስጥ ከማንኪያዎቹ ሥር ቀበርሁት። ዳግመኛ ለማንም ሰው «ለምን?» ላልል ለራሴ ማልሁ። አስኬው ወደ ሌላ ጥያቄ ዞሯል፤ ለገና ካርድ ይልካል። አምና ደግሞ ከሌላ አገር ሰዎች ጽፈው፣ ክፍተቱ ሊደፈን የሚችል አይመስለንም አሉ። ዜንያ ደብዳቤውን አንብባ ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ለጠፈችው። ወተት ባወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ።

እኔ የማደርግላት ነገር ቢኖር መጨነቅ ነው። ብርዱ ሲጠና ሞተሩን በኤሌክትሪክ ለማሞቅ መኪናዋ ከቤታችን ሶኬት ጋር በብርቱካንማ ገመድ ተያይዛ ታድራለች። ጠዋት ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ «ገመዱን ነቀልሽ?» እላታለሁ። «ነቅያለሁ ባባ» ትለኛለች። ሦስት ክረምት አንድም ቀን ሳልጠይቃት አላለፈችም።

ዛሬ ጠዋት ሻዬን ይዤ ስቀመጥ ዘጠኝ ገጽ አምጥታ ከፊቴ አኖረችው። መጋቢት ነው፣ ግን ውጭው ገና ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ነበር።

«እርሳስሽ የት አለ?» አለችኝ።

«ጠፍቷል።»

«ከማንኪያዎቹ ሥር ነው።»

«ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ።»

«ባባ።»

«ለሚያውቅ ሰው አሳዪው። ለአስኬው ላኪለት።»

«አስኬው ‹ግልጽ ነው› ይለኛል።»

መሳቢያውን ከፍታ እርሳሱን አወጣች፣ በቢላዋ ቀረጸችው፣ ከሻዩ አጠገብ አስቀመጠችውና ዳቦ ልትቀባ ዞረች። ጀርባዋን እያየሁ ምን እንደምታስብ ለማወቅ አልቻልሁም። ማንበብ ጀመርሁ። ከስልሳ አንደኛው ገጽ ጋር የሚመሳሰል ነገር ነበረው፤ የዙሮቹ ምልክት ያው ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድም «ግልጽ ነው» የለም። በየቦታው ምክንያቱ ተጽፏል። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ደስ እያለኝ ሄደ።

ሰባተኛው ገጽ መሃል ላይ አገኘሁት። «ይህ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሠራ ግልጽ ነው።»

ገጹን ልገልብጠው እችል ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም። አውራ ጣቴ ጠርዙ ላይ ነበረች። ብገለብጠው ዘጠነኛው ላይ እደርሳለሁ፣ «ንጹሕ ነው» እላታለሁ፣ ትለቀዋለች። ምናልባት ትክክል ይሆናል። ምናልባት እንደገና ደብዳቤ ይመጣላት ይሆናል፣ ቦታ ይሰጧት ይሆናል። ከጠየቅሁ ደግሞ ያ እሑድ ይመለሳል፣ ሦስት ዓመቷም ከላይ ወደ ታች ይቀደዳል፤ የሚቀደውም የእኔ አፍ ነው። ሻዩ ቀዘቀዘ። እሷ ያንኑ ቁራሽ ዳቦ ስትቀባ ነበር።

ከዚያ የተቀደደውን የምታነበው ልጅ ትዝ አለችኝ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር።

«ሰባት» አልኋት።

አልዞረችም።

«ለምን ግልጽ ነው?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። መጥታ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብላ አየችው። ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ሊጡን በሁለት ጣቷ ይዛ የቆመች ጊዜም እንዲሁ ነበረች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እርሳሱን ያዘች።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከ«ግልጽ ነው» በታች ሁለት መስመር ባዶ ነበር። ስታትመው ራሷ ትታዋለች።

የመጀመሪያውን መስመር ጻፈች። ቆመች። የበረዶ መጥረጊያው መኪና ውጭ ሲያልፍ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛውን መስመር ጀመረች፣ ፊደሏን እያሳነሰች። ወደ ዳር እስክትወጣ ጠበቅሁ። ገጹን እስክትገለብጠው ጠበቅሁ። አልገለበጠችውም። ሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ነጥብ አደረገችና እርሳሱን አስቀመጠችው። ደግማ አነበበችው። እንደገና እርሳሱን አንሥታ ከላይ ያለውን «ግልጽ ነው» በአንድ ጭረት ሰረዘችው።

«ዜንያ፣ ገባ?» አልኋት።

ዘጠኙን ገጽ ሰብስባ ካፖርቷ ውስጥ ከተተችው። ጫማዋን አደረገች፣ ማሰሪያውን ግን አላሰረችውም። ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ስለ ገመዱ ልነግራት አፌን ስከፍት በሩ ተዘግቷል። በመስኮት አየኋት። ሞተሩን አስነሥታ ሄደች። ሳትነቅለው የቀረችው ገመድ ከሶኬቱ ተመዝዞ፣ ብርቱካንማው ጫፍ ከመኪናዋ ኋላ አዲስ የተጠረገው መንገድ ላይ እየተጎተተ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ተከተላት።